አንድ ስልክ ለሁለት ቴስላ፦ ስልካችሁን የመኪና ቁልፍ የማድረግ አሠራር

ቤታቸው ሁለተኛ ቴስላ የገባላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «ስልኬ ለመጀመሪያዋ መኪና ቁልፍ ነው። ሁለተኛዋን ስጨምር የመጀመሪያዋ ትጠፋብኛለች ወይ?» አትጠፋም። አንድ ስልክ ለሁለቱም ቁልፍ ይሆናል። የባልም የሚስትም ስልክ ሁለቱንም መክፈት ይችላል። ለየሰው በስልክ ከማስረዳ ሙሉውን አሠራር እዚህ ጽፌዋለሁ።

መመሪያው ለሞዴል 3 እና ለሞዴል ዋይ ነው። እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በወገኖቻችን ደጅ ጎን ለጎን ቆመው የማያቸው ብዙ ጊዜ እነዚህ ናቸው። የመኪናዋም የአፑም ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ስሞቹን እንደሚነበቡት አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ። አፑ ሲታደስ የአንዳንዱ ምልክት ቦታ ሊቀያየር ይችላል፤ ስሙን ፈልጉ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ስልኩን ቁልፍ ማድረጉ ቀላል ነው። ሁለት መኪና ያለው ቤት የሚቸገረው መቆለፉ ላይ ነው። ስለዚህ ስልኩ መኪናዋን ሲከፍት አይታችሁ «በቃ፣ ጨረስኩ» እንዳትሉ። ከደረጃ 8 በኋላ ያለውንም አንብቡት።

የሚያስፈልጋችሁ

- የሁለቱም መኪኖች የቁልፍ ካርዶች። ከእያንዳንዷ ጋር ሁለት ሁለት ይመጣል፤ በድምሩ አራት መሆን አለባቸው።
- ብሉቱዝ ያለው ስማርት ስልክ፣ በቂ ቻርጅ ያለው። የቴስላ አፕ ተጭኖበት፣ የቅርቡ ሥሪት መሆኑ ይረጋገጥ።
- ለእያንዳንዱ ሾፌር የራሱ የቴስላ አካውንት። በአንድ አካውንትና በአንድ ፓስወርድ ቤተሰቡ ሁሉ ሲጠቀም አይቻለሁ። አታድርጉት። አካውንቱ መኪናዋን ወደ ሌላ ሰው ለማስተላለፍም፣ በባንክ ካርድ ለመክፈልም የሚያስችል ነው።
- ትንሽ ተለጣፊ ወረቀትና ማርከር። ለምን እንደሆነ ደረጃ 1 ላይ ታዩታላችሁ።
- የሚያግዛችሁ አንድ ሰው፣ ለመጨረሻው ሙከራ።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር ይግባችሁ

አንደኛ፣ ስልኩ ቁልፍ ሲሆን መኪናዋን የሚያናግራት በብሉቱዝ ነው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ኔትወርክ በማይገባበት ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥም ይከፍታል። ከሩቅ ሆናችሁ በአፑ ስትከፍቱ፣ ስትቆልፉ ወይም ማሞቂያ ስታበሩ ግን ስልኩም መኪናዋም ኢንተርኔት ሊኖራቸው ይገባል። እነዚህን ሁለቱን የሚቀላቅል ሰው ችግር ሲገጥመው የት እንደሚፈልገው አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ቁልፍነቱ በአንድ ስልክና በአንዲት መኪና መካከል ያለ ውል ነው። በአካውንታችሁ ሁለት መኪና ስለታየ ብቻ ስልኩ ለሁለቱም ቁልፍ አይሆንም። ለእያንዳንዷ ለየብቻ ይሠራል። ሁለት ስልክና ሁለት መኪና ካለ ሥራው አራት ጊዜ ነው ማለት ነው።

አሠራሩ

1. ካርዶቹን ለዩና ምልክት አድርጉባቸው።

አራቱም ካርዶች አንድ ዓይነት ናቸው። የየትኛዋ መኪና እንደሆኑ ላያቸው ላይ አልተጻፈም። አንዱን ያዙና በሾፌሩ በኩል፣ በፊትና በኋላ በር መሃል ወዳለው ምሰሶ ሂዱ። ትንሽ ካሜራ ያለችበት ጥቁር ምሰሶ ነው። ካርዱን ከካሜራዋ ዝቅ አድርጋችሁ በጠፍጣፋው ለጥፉትና አንድ ሁለት ሰከንድ ያዙት። መብራቷ ብልጭ ይላል፣ ታጥፎ የነበረው ስፖኪዮ ይዘረጋል፣ በሩ ይከፈታል። ዝም ካለች ካርዱን ትንሽ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ፈቀቅ አድርጋችሁ ሞክሩ። አሁንም ዝም ካለች የሌላዋ መኪና ካርድ ይሆናል። የሠራውን ካርድ ወዲያው ምልክት አድርጉበት።

ይህን የማስቀድመው በምክንያት ነው። ስልክ ሲያስቸግር የሚያወጣችሁ ካርዱ ነው። የሌላዋን መኪና ካርድ ይዞ ደጅ የቀረ ሰው ካርድ እንደሌለው ይቆጠራል።

2. ለመኪኖቹ ስም ስጧቸው።

በመኪናዋ ስክሪን ላይ «ኮንትሮልስ»፣ ከዚያ «ሶፍትዌር» ግቡና ስሟን ንኩት። «ነጯ» እና «ግራጫዋ» ብትሏቸው እንኳን ይበቃል፤ በላቲን ፊደል ብትጽፉት ይቀላል። አፑ ውስጥ ከአንዷ ወደ ሌላዋ የምትሻገሩት ስም አይታችሁ ነው። ሁለቱም ሞዴል ዋይ ከሆኑና ስም ከሌላቸው፣ አንዷን ቆለፍኩ ብላችሁ ሌላዋን ቆልፋችሁ ትተኛላችሁ።

3. መኪናዋ ስልክ እንድትቀበል ፍቀዱላት።

አሁንም በስክሪኑ ላይ «ኮንትሮልስ»፣ «ሴፍቲ»፣ ከዚያ «አላው ሞባይል አክሰስ» የሚለው መብራቱን እዩ። ጠፍቶ ከሆነ ስልኩ ላይ ምንም ብታደርጉ አይሠራም። በሁለቱም መኪና ላይ እዩት፤ በተለይ ያገለገለች ከሆነች የቀድሞው ባለቤት አጥፍቶት ሊሆን ይችላል።

4. ሁለቱም መኪኖች በአፑ ላይ መኖራቸውን አረጋግጡ።

አፑን ክፈቱና አናት ላይ ያለውን የመኪና ስም ንኩ። ሁለቱም ከታዩ ጥሩ። አንዷ በባለቤታችሁ ስም የተገዛች ከሆነ አትታያችሁም። ያኔ መኪናዋ በስሙ የሆነው ሰው በራሱ አፕ «ሴኪዩሪቲ ኤንድ ድራይቨርስ» ውስጥ ገብቶ፣ «ማኔጅ ድራይቨርስ» ብሎ ይጨምራችኋል። ግብዣው በሊንክ ይመጣል። ሊንኩን የምትከፍቱት የራሳችሁ አካውንት በገባበት ስልክ ላይ ነው። ሊንኩን በቤተሰብ ግሩፕ ላይ አትለጥፉት፤ ለሰውዬው ብቻ ላኩለት።

5. ስልኩን አዘጋጁት።

ቁልፉ የሚሠራው አፑ ከጀርባ ነቅቶ ሲጠብቅ ነው። ስልክ ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ አፖችን ያስተኛል። «አንዳንዴ ይከፍታል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል» የሚለው አቤቱታ አብዛኛው ምንጩ ይህ ነው።

አይፎን ከሆነ፦ ሴቲንግ ውስጥ ቴስላን ፈልጉ። ብሉቱዝ ይብራ። «ሎኬሽን» ላይ «ኦልዌይስ» የሚለውን ምረጡ። «ባክግራውንድ አፕ ሪፍሬሽ» ይብራ።

ሳምሰንግ ወይም ሌላ አንድሮይድ ከሆነ፦ የሎኬሽን ፈቃዱን ሁልጊዜ የሚለው ላይ አድርጉት። «ኒርባይ ዲቫይስስ» የሚለውን ፈቃድ ስጡት። ከዚያ የአፑ ባትሪ ውስጥ ገብታችሁ ቁጠባውን አንሱለት፤ «አንሪስትሪክትድ» ይላል። ሳምሰንግ ላይ በተጨማሪ «ኔቨር ስሊፒንግ» ከሚባሉት አፖች ዝርዝር ውስጥ ክተቱት።

6. የመጀመሪያዋን መኪና አያይዙ።

ካርዷን ይዛችሁ ሾፌር ወንበር ላይ ተቀመጡ። አፑ ላይ የመኪናዋን ስም አረጋግጡ። ከዚያ «ሴትአፕ ፎን ኪ» የሚለውን ንኩ፤ ፊት ለፊት ካላገኛችሁት «ሴኪዩሪቲ ኤንድ ድራይቨርስ» ውስጥ አለ። ካርድ አስጠጉ ካላችሁ ካርዱን ከመጠጫ ማስቀመጫው ጀርባ፣ ኮንሶሉ (በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል ያለው ክፍል) ላይ አድርጉት። በአዳዲሶቹ ሞዴሎች ቦታው ይለያል፤ ስክሪኑ የሚያሳያችሁን ተከተሉ። ስልኩ የብሉቱዝ ጥያቄ ካመጣ እሺ በሉት።

ካርድ የሚጠይቀው አፑ በእጃችሁ ስላለ ብቻ መኪናዋ የናንተ መሆኗን ስለማታምን ነው። ካርዱ ምስክር ነው።

7. ለብቻዋ ፈትኗት።

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል። ካርዱን ቤት አስቀምጡት ወይም ለረዳታችሁ ስጡት። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉና ብሉቱዙን ብቻ መልሳችሁ አብሩ። ከመኪናዋ ራቁ፤ መንገዱን ተሻገሩ። ተመለሱና ስልኩን ኪስ እንዳለ እጀታውን ተጫኑ። ከከፈተች፣ ገብታችሁ ፍሬን ስትረግጡ ማርሽ ካስገባችላችሁ፣ ቁልፉ በብሉቱዝ ብቻ እየሠራ ነው። ካልከፈተች ችግሩ አሁን ደጃችሁ ላይ ሳላችሁ ቢታወቅ ይሻላል። ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

8. ሁለተኛዋ ላይ ደረጃ 6ን እና 7ን ድገሙ።

አፑ ላይ ወደ ሁለተኛዋ ስም ተሻገሩ፤ የእሷን ካርድ ያዙ፤ እሷ ውስጥ ተቀመጡ። የመጀመሪያዋ አትነካም። ከዚያ የባለቤታችሁን ስልክ ይዛችሁ በሁለቱም ላይ ድገሙት። አንዲት ሞዴል 3 ወይም ሞዴል ዋይ እስከ 19 ቁልፍ ትይዛለች፤ በአንድ ጊዜ ደግሞ ሦስት ስልኮችን ታናግራለች። ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል።

9. ራሷን የመቆለፍ ሥራዋን አስተካክሉ።

«ኮንትሮልስ»፣ «ሎክስ»፣ ከዚያ «ዎክ አዌይ ዶር ሎክ» የሚለውን አብሩ። ስልኩን ይዛችሁ ስትርቁ መኪናዋ ራሷን ትቆልፋለች። ከአጠገቡ «ኤክስክሉድ ሆም» የሚል ምርጫ አለ። ይህ ከተመረጠ ቤት ስትደርሱ ራሷን አትቆልፍም። አንዷ ላይ ተመርጦ ሌላዋ ላይ ሳይመረጥ ሲቀር «ነጯ ተበላሽታለች» ይባላል። ሁለቱንም አንድ ዓይነት አድርጓቸው። የእኔ ምክር መኪናችሁ ደጅ የምታድር ከሆነ አጥፉት ነው።

እዚያው ገጽ ላይ ስትቆለፍ ድምፅ እንድታሰማ የሚያደርግ ምርጫ አለ። አብሩት። ሁለት መኪና ሲኖር ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ስትሄዱ የምትሰሙት ያ ድምፅ ከብዙ ምልልስ ያድናችኋል።

10. ስልኩን ከሾፌሩ ወንበር ጋር አገናኙት።

በየመኪናው ላይ ለእያንዳንዳችሁ «ድራይቨር ፕሮፋይል» ክፈቱና ከየስልካችሁ ቁልፍ ጋር አያይዙት። ከዚያ በኋላ በሩን የከፈተው ስልክ የማን እንደሆነ አይታ ወንበሩን፣ መሪውንና ስፖኪዮውን ታስተካክላለች። ሁለታችሁ አብራችሁ ስትመጡ ግን ቀድማ ያወቀችውን ስልክ ልትከተል ትችላለች። ረጅሙ ባል ገብቶ ወንበሩ ወደ መሪው ሲገፋው ብልሽት መስሎት ይደነግጣል። ስክሪኑ አናት ላይ ያለውን ስም ነክታችሁ ወደ ራሳችሁ ቀይሩት፤ ይመለሳል።

11. ፒን አስገቡ።

«ኮንትሮልስ»፣ «ሴፍቲ»፣ «ፒን ቱ ድራይቭ»። ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ነው፤ ሳይገባ መኪናዋ አትሄድም። በ2022 ኤንሲሲ ግሩፕ የተባለ የሳይበር ደህንነት ድርጅት የስልክን የብሉቱዝ ምልክት በመሣሪያ ተቀብሎና አስረዝሞ፣ ባለቤቱ ሩቅ እያለ ቴስላ ከፍቶ ማስነሳት እንደሚቻል በሙከራ አሳይቷል። ስልኩ ቢታለል እንኳን ፒኑ ያስቆማል። ለሁለቱም መኪና ስትመርጡ የቤት ቁጥራችሁን ወይም የልጅ ልደት አታድርጉት። ከረሳችሁት በቴስላ አካውንታችሁ ማለፍ ይቻላል።

12. የማታውቁትን ቁልፍ ሰርዙ።

«ሎክስ» ገጽ ላይ የተመዘገቡት ቁልፎች ሁሉ ተዘርዝረዋል። የድሮ ስልካችሁ፣ መኪናዋን ያዋሳችሁት ዘመድ፣ የቀድሞው ባለቤት፣ ሁሉም እዚያ ሊገኙ ይችላሉ። የቆሻሻ ቅርጫቷን ምልክት ንኩ፤ ካርድ አስጠጉ ብትላችሁ አስጠጉ። የቀሩትን ቁልፎች ስም ስጧቸው። ስም የሌለው ቁልፍ ነገ የማን እንደነበር አታስታውሱትም።

ደጃችሁ ላይ፦ ዋናው ችግር

መኪናዋ ስልኩን የምታውቀው እስከ 9 ሜትር ገደማ ድረስ ነው። ግድግዳ ይቀንሰዋል፤ ሁልጊዜ ግን አያግደውም። አሁን ቤታችሁን አስቡት። ነጯ ጋራዥ ውስጥ ናት፣ መኝታ ቤታችሁ ከጋራዡ በላይ ነው፣ ስልኩ ኮመዲኖው ላይ ቻርጅ ላይ ነው። ግራጫዋ ደጅ፣ ሳሎኑ መስኮት ሥር ቆማለች፤ የባለቤታችሁ ቦርሳ ከነስልኩ ሶፋው ላይ ነው። ለመኪኖቹ እናንተ አጠገባቸው የቆማችሁ ያህል ነው። አንድ ሰው መጥቶ እጀታውን ቢጫን ልትከፍትለት ትችላለች። በአፑ ብትቆልፏትም ስልኩ ቅርብ ከሆነ ያው ነው።

ስለዚህ ይህን ሙከራ አድርጉ። ሁለቱም ስልኮች ማታ በሚያድሩበት ቦታ ይቀመጡ። ሁለቱም መኪኖች ይቆለፉ። ረዳታችሁ ስልኩን ቤት ትቶ ባዶ እጁን ይውጣና የሁለቱንም መኪና በሮች፣ በአራቱም በኩል፣ እጀታውን ይጫን። ካርድ ኪሱ ውስጥ እንዳይኖር። ከከፈተች ከሚከተሉት አንዱን አድርጉ፦

- የስልኩን ማደሪያ ወደ ቤቱ ሌላ ጎን ውሰዱት። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል።
- መኪኖቹን አቀያይሩ። ጋራዥ ያለችው ከቤት ውስጥ ስልክ ጋር ብትገናኝም ጋራዡ ዝግ ነው፤ ደጅ የምታድረው ግን ከስልክ መራቅ አለባት።
- የማይሆን ከሆነ ስትተኙ የስልኩን ብሉቱዝ አጥፉ። ጠዋት ማብራት እንዳትረሱ፤ አለበለዚያ በጠዋት «ስልኬ እምቢ አለ» ትላላችሁ።

ሌላው የደጅ ችግር የድምፅ ነው። የስልክ ቁልፍነትና ለጥሪና ለሙዚቃ የሚያያዘው ብሉቱዝ የተለያዩ ናቸው። ስልካችሁ ለጥሪ ከሁለቱም መኪኖች ጋር ከተያያዘ፣ ሳሎን ሆናችሁ አዲስ አበባ ያሉትን እናታችሁን እያነጋገራችሁ ባለቤታችሁ ደጅ መኪና ሲያስነሳ ጥሪው ሄዶ መኪናዋ ውስጥ ሊጮህ ይችላል። የመኪናዋ ብሉቱዝ ገጽ ላይ «ፕራዮሪቲ ዲቫይስ» የሚል አለ። በየፕሮፋይላችሁ ላይ የየራሳችሁን ስልክ ቅድሚያ ስጡት። ብዙም የማትነዷት መኪና ከሆነች ደግሞ የጥሪውን ብሉቱዝ ከእሷ አላቅቁት፤ ቁልፍነቱ አይነካም።

ማስጠንቀቂያ

ስልካችሁን መኪና ውስጥ ትታችሁ አትውረዱ። መኪናዋ ስልኩ ውስጧ መሆኑን ካወቀች ራሷን አትቆልፍም። በዚያ ላይ ፒን ከሌላት መጥቶ እጀታውን የጫነ ሁሉ ይዟት ይሄዳል። ሁለት ስልክ ያለው ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ አንዱን ኪሱ ይዞ ሁለተኛው ወንበር ላይ ይቀርበታል።

በካርድ ከፍታችሁ ከነዳችሁ ስትወርዱ በካርድ ወይም በአፕ ቆልፉ። ራሷን የመቆለፍ ነገር የሚሠራው ስልክ ሲኖር ነው። ካርዱ ኪሳችሁ ውስጥ መሆኑን መኪናዋ አታውቅም።

በሌላ ሰው ስልክ የተነሳች መኪና ይዛችሁ አትሂዱ። ነገሩ እንዲህ ነው። ባልና ሚስት አብረው ይወጣሉ። የባል ስልክ ቤት ቀርቷል፣ መኪናዋን የከፈተው የሚስት ስልክ ነው። ሚስት ሥራ ቦታዋ ትወርዳለች። ባል መንዳቱን ይቀጥላል፤ መኪናዋ መሃል መንገድ አትቆምም። ነዳጅ ማደያ ገብቶ ቡና ገዝቶ ሲመለስ ግን መኪናዋ አታውቀውም። ለዚህ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ሾፌር የየመኪናውን አንድ አንድ ካርድ ቦርሳው ውስጥ ይያዝ። አራት ካርድ፣ ሁለት ሰው፣ ሁለት መኪና፤ ልክ ይመጣል።

ካርዱን በስልኩ ሽፋን ውስጥ ከጀርባ አታድርጉት። ስልኩን በገመድ አልባ ቻርጀር ላይ ስታስቀምጡት ካርዱ መሃል ገብቶ ሊበላሽ ይችላል። ደግሞስ ስልኩ ሲጠፋ መጠባበቂያውም አብሮ ይጠፋል።

የተለመዱ ስህተቶች

- አፑን ጠርጎ መዝጋት። «ስልኬ እንዳይከብድ» ብለው ክፍት አፖችን ሁሉ ወደ ላይ እየጠረጉ የሚዘጉ ሰዎች አሉ። ቴስላን ተዉት። አይፎን ላይ በተለይ ጠርጋችሁ ከዘጋችሁት ቁልፉ ይተኛል። ደጅ ሆናችሁ እምቢ ካላችሁ አፑን ክፈቱ፤ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይነቃል።
- ስልኩን የኋላ ኪስ ማድረግ። ሰውነታችን ብሉቱዝን ይከልላል። እጀታው ጋ ስትደርሱ ካልከፈተ ስልኩን በእጃችሁ ያዙት።
- አዲስ ስልክ ገዝቶ «ሁሉንም ከባክአፕ መለስኩት» ብሎ መውጣት። አፑ ይመለሳል፣ ቁልፉ አይመለስም። በአዲሱ ስልክ በሁለቱም መኪና ላይ ደረጃ 6ን እንደገና ሥሩ። የድሮውን ስልክ ለልጅ ከመስጠታችሁ ወይም ወደ አገር ቤት ከመላካችሁ በፊት ከሁለቱም ዝርዝር ሰርዙት፤ ከአፑም ውጡ።
- ሁለተኛዋን መኪና በካርድ ብቻ እየነዱ መቆየት። «ነገ አያይዘዋለሁ» የተባለችው መኪና ያለ ፒን፣ ያለ ፕሮፋይል ትቀራለች።
- ለቫሌት፣ መኪና ተቀብሎ ለሚያቆምላችሁ ሠራተኛ፣ ስልክ መስጠት። የሚሰጠው ካርድ ነው። ከመስጠታችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ «ቫሌት ሞድ» አብሩ፤ ፍጥነቷን በሰዓት 70 ማይል ላይ ይገድበዋል፣ የፊቱን ዕቃ መጫኛና የዳሽቦርዱን ኪስ ይቆልፋል።

ስልኩ ሲሞት ወይም ሲጠፋ

ባትሪው ካለቀ ስልኩ ቁልፍ አይደለም። «አይፎን ባትሪው ካለቀ በኋላም ለሰዓታት ይከፍታል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ያ በአፕል ዋሌት ውስጥ ለሚቀመጡ የሌሎች መኪኖች ቁልፍ ነው። እዚህ ግን የምንጠቀመው የቴስላን አፕ ስለሆነ ስልኩ መብራት አለበት። ካርዱን አውጡ። ካርዱን አስጠግታችሁ ከገባችሁ በኋላ ኮንሶሉ ላይ ደግማችሁ ማስጠጋት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ከዚያ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ፍሬን ረግጣችሁ ተነሱ፤ ካለፈ እንደገና ይጠይቃል።

ካርድም ከሌለ ቤት ላለው ሰው ደውሉ። ሁለተኛው ሾፌር ከራሱ አፕ መኪናዋን ሊከፍትላችሁ ይችላል። «ስታርት» የሚለውን ሲነካ ደግሞ ያለ ቁልፍ መንዳት ያስችላል፤ ለመነሳት ሁለት ደቂቃ አላችሁ። መኪናዋ ኔትወርክ በማይገባበት ምድር ቤት ከቆመች ግን ይህ አይሠራም።

ስልኩ ከተሰረቀ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ በሌላ ስልክ ገብታችሁ የአካውንቱን ፓስወርድ ቀይሩ። ቀጥሎ ካርድ ይዛችሁ ወደ ሁለቱም መኪኖች ሂዱና የተሰረቀውን ስልክ ከ«ሎክስ» ዝርዝር ሰርዙት። ፓስወርድ መቀየሩ ብቻ አይበቃም፤ ቁልፉ መኪናዋ ውስጥ ተመዝግቦ ስለሚኖር በብሉቱዝ መክፈቱን ሊቀጥል ይችላል። ሁለተኛዋን መኪና አትርሷት፤ ሰው በድንጋጤ የሚነዳትን ብቻ አጥርቶ ይቀመጣል።

ስልኩም ካርዱም እያሉ መኪናዋ ዝም ካለች፣ እጀታውም ስክሪኑም ካልነቃ፣ ያለቀው የመኪናዋ ትንሹ ባትሪ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቁልፍ መቀያየር ጥቅም የለውም። የቴስላን የመንገድ ላይ እርዳታ ጥሩ። ከፊት ባምፐሩ ላይ ካለችው ክብ ክዳን ጀርባ ኮፈኑን ከውጭ በባትሪ ማስከፈቻ ሽቦዎች አሉ፤ አሠራሩን ካላወቃችሁ አትነካኩት።

ሁለተኛዋ ቴስላ ካልሆነች

አንዷ ቴስላ፣ ሌላዋ ሃዩንዳይ ወይም ኪያ የሆነችባቸው ቤቶች አሉ። አንዱ ስልክ ሁለቱንም ይይዛል፤ አይጋጩም። አሠራሩ ግን ይለያያል። በብዙዎቹ የሃዩንዳይና የኪያ ዲጂታል ቁልፎች፣ በእጀታው ላይ ስልኩን አስነክታችሁ ከከፈታችሁ በኋላ ለማስነሳት ገመድ አልባው ቻርጀር ላይ ታስቀምጡታላችሁ። እንዲህ ባለችው መኪና ከቴስላ የወጣ ሰው ስልኩን ኪሱ አድርጎ ማስነሻውን ሲጫን «ቁልፍ የለም» ልትለው ትችላለች። የትኛዋ ምን እንደምትፈልግ ለቤተሰቡ ሁሉ አሳዩ። የሁለቱንም ፈቃድ፣ ሎኬሽኑንና የባትሪ ቁጠባውን፣ በየአፑ ለየብቻ አስተካክሉ።

አገር ቤት ሆናችሁ የምትጠይቁኝም አላችሁ። ከቻይና የገባች ቢዋይዲ ወይም ሌላ የኤሌክትሪክ መኪና ስትገዙ ስልኩን ቁልፍ ማድረግ መቻሉን ከመክፈላችሁ በፊት በዓይናችሁ እዩ። ለቻይና ገበያ የተሠራችው መኪና አፕ የቻይና ስልክ ቁጥር ሊጠይቃችሁ ይችላል። መኪናዋ በአስመጪው ወይም በሌላ ሰው አካውንት ላይ ተመዝግባ ከሆነች ደግሞ ከርቀት የሚያዛት እሱ ነው። ሻጩ እናንተው ፊት ከአካውንቱ ያውጣት፤ እናንተ ደግሞ በራሳችሁ ስልክ አያይዙና በሯን ከፍታችሁ፣ አስነስታችሁ እዩ። የቢዋይዲ ካርድ ብዙ ጊዜ የሚነካው በሾፌሩ በኩል ያለው ስፖኪዮ ላይ ነው። ያንንም ሞክሩ፤ የመጡት ካርዶችና ሪሞቶች ሁሉ በእጃችሁ ሳይገቡ ገንዘቡን አታስተላልፉ።